በአንገት አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ታካሚን በደረቱ ማስተኛት፦ ከስትሬቸር እስከ ጠረጴዛ

አዲስ ሬዚደንት፣ አዲስ የአንስቴዥያ ባለሙያ ወይም አዲስ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ከእኛ ጋር ሥራ በጀመረ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አይቀርም፤ «አንገቱ ያልጸና ታካሚ ሰመመን ከወሰደ በኋላ ወደ ደረቱ ሲዞር ጭንቅላቱን የሚይዘው ማን ነው? ትእዛዝስ የሚሰጠው ማን ነው?» አጭሩ መልስ፣ ትእዛዝ የሚሰጠው ጭንቅላቱን የያዘው ሰው ብቻ ነው የሚል ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ብቻውን ታካሚውን አያድነውም፤ ከማዞሩ በፊት የሚዘጋጀውና ከዞረ በኋላ እንደገና የሚፈተሸው ነገር ከማዞሩ ያላነሰ ነውና ሙሉውን ቅደም ተከተል ከዚህ በታች ጽፌላችኋለሁ።

መመሪያው የሚመለከተው በአዋቂዎች ላይ ከማጅራት በኩል የሚሠራውን የአንገት አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለምሳሌ ላሚኔክቶሚን (ኅብለ ሰረሰሩን ከጫና ለማላቀቅ የአከርካሪውን የኋላ ግድግዳ ማንሳትን)፣ እንዲሁም አከርካሪን በብሎንና በዘንግ ማያያዝን። የክፍላችሁ የራሱ መመሪያ ካለ የሚቀድመው እርሱ ነው።

አደጋው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። የነቃ ሰው አንገቱ በተሳሳተ አቅጣጫ ሲሄድ ያመዋል፣ ጡንቻዎቹም ተወጥረው አጥንቱን ይይዙለታል። ሰመመን የወሰደ ሰው ግን ጡንቻው ላልቷል፣ ሕመሙንም አይናገርም፤ ስለዚህ በጠበበ ቦይ ውስጥ ያለው ኅብለ ሰረሰር በእናንተ እጅ ላይ ብቻ ይወድቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ሦስት ፒን የራስ ቅል መቆንጠጫ (ሜይፊልድ)፣ ከጠረጴዛው ጋር የሚያገናኘው ክንድና የተሳሉ ንጹሕ ፒኖች፤ መቆንጠጫው ከሌለ ፊትን የሚይዝ የተቦረቦረ ስፖንጅ
- የታካሚው ልክ የሆነ ጠንካራ የአንገት ኮላር
- ለደረት ሁለት ረጃጅም ጥቅል ትራሶች ወይም የደረትና የዳሌ ድጋፍ ያለው ጠረጴዛ
- ለክርን፣ ለጉልበትና ለእግር የሚሆን ጄል ወይም ወፍራም ስፖንጅ፣ ሁለት ተራ ትራሶች
- በውስጡ ሽቦ ያለው፣ ሲታጠፍ የማይዘጋ የመተንፈሻ ቱቦ
- የዓይን ቅባት፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ውኃ የማያላቅቀው ፕላስተር፣ ለአፍ የሚሆን የተጠቀለለ ለስላሳ ጎዝ
- ሰፊ ፕላስተር ለትከሻ፣ ሰፊ ቀበቶ ለመቀመጫ
- የደም ቅዳ መስመር፣ ካፕኖግራፍ (ታካሚው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ)፣ የሽንት ካቴተር፣ የሙቀት መጠበቂያ
- የኅብለ ሰረሰር ምልክት መከታተያ መሣሪያ (ካለ) እና ሲ-አርም (ተንቀሳቃሽ የራጅ መሣሪያ)

ሰውስ? ቢያንስ ስድስት። አንዱ ጭንቅላቱን፣ አንዱ ቱቦውን፣ ሁለት በስትሬቸሩ በኩል፣ ሁለት በጠረጴዛው በኩል። ታካሚው ከባድ ከሆነ ለእግሩ ሰባተኛ ሰው ጨምሩ። አራት ሰው ብቻ ሲገኝ «እንወጣዋለን» የሚል ድምፅ ከጥግ መምጣቱ አይቀርም፤ አትስሙት፣ ሰው እስኪመጣ ጠብቁ።

ደረጃዎቹ

1. ታካሚው ነቅቶ ሳለ መርምሩና ጻፉ። የሁለቱንም እጆችና እግሮች ጉልበት ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ መዝግቡ፤ ጣት ማንቀሳቀሱን፣ የሚደነዝዘውን ቦታና የሽንት ሁኔታውን ጨምሩበት። ስብራት ወይም ያልጸና አንገት ከሌለው በራሱ ኃይል ብቻ አንገቱን በዝግታ እንዲያጎነብስና ቀና እንዲል ጠይቁት፤ ክንዱን ወይም ጀርባውን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው ከሆነ ያቆመበትን ልክ ጻፉ። በሰመመን ውስጥ ከዚያ ልክ ማለፍ አይፈቀድም። ትከሻውን ወደ ላይ ማንሳት መቻሉንም ተመልከቱ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አዲስ የትከሻ ድክመት ቢታይ ከአተኛኘት የመጣ ነው ወይስ ቀድሞም ነበረ የሚለውን የሚፈታው ይህ ጽሑፍ ብቻ ነው።

2. ታካሚው ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛውን አዘጋጁ። የደረቱ ትራሶች ከትከሻ ሥር ጀምረው እስከ ዳሌ አጥንት ይድረሱ፣ በመካከላቸውም ሆድ የሚንጠለጠልበት ክፍተት ይኑር። የሜይፊልዱን ክንድ በጠረጴዛው ላይ አስራችሁ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ መላላቱንና መጥበቁን ሞክሩ፤ ጥርሱ ያለቀ መገጣጠሚያ የጠበቀ መስሎ ቆይቶ በኋላ ይንሸራተታል። ሲ-አርሙ በታች በኩል በነጻነት ማለፉን ባዶው ጠረጴዛ ላይ ፈትሹ።

3. ሰመመንና ቱቦ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ የመጀመሪያው ክፍል የሚነበበው እዚህ ነው። አንገቱ ካልጸና ቱቦው ሲገባ የኮላሩ የፊት ክፍል ተነሥቶ ሌላ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሳይስብ፣ ሳያጎብጥ ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ታካሚው ነቅቶ እያለ በካሜራ ቱቦ ማስገባት ከተቻለ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ቱቦው ከገባ በኋላ እጅና እግሩን ሲያንቀሳቅስ አይታችሁ ሰመመኑን ትቀጥላላችሁ።

4. ፊቱን አዘጋጁ። ቱቦውን በፕላስተር እንጂ በአንገት ዙሪያ በሚታሰር ገመድ አታስሩት፤ ገመዱ የአንገትን ደም መልስ ይጫናል፣ የቀዶ ሕክምናውንም ቦታ ያሳድፋል። በደረት ሲተኛ ምራቅ ወደ ታች ስለሚፈስ ተራ ፕላስተር ይላቀቃል። ዓይኖቹን ቀብታችሁ ዝጉና ሸፍኑ። የተጠቀለለውን ጎዝ በመንጋጋ ጥርሶች መካከል አስገቡና ምላስ በጥርስ መካከል አለመያዙን በጣታችሁ አረጋግጡ፤ የምልክት መከታተያው መሣሪያ ጡንቻን ሲያነቃ ታካሚው መንጋጋውን በኃይል ስለሚነክስ ምላሱ ሊቆረጥ ይችላል።

5. መሣሪያው ካለ ከማዞራችሁ በፊት የመነሻ ምልክት ውሰዱ። ከዞረ በኋላ የሚወሰደው ምልክት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ቢጠፋ በማዞሩ ምክንያት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ለዚሁ ሲባል የጡንቻ ማላያ መድኃኒት እንዳይቀጥል፣ የሚተነፈሰውም ሰመመን እንዲቀንስ ከአንስቴዥያ ባለሙያው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

6. ፒኖቹን አስገቡ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በፊት ለአንስቴዥያ ባለሙያው ንገሩት፤ ፒን ሲገባ የደም ግፊትና የልብ ምት በድንገት ስለሚወጣ ሰመመኑን ማጥለቅ፣ ቆዳውንም ማደንዘዝ አለበት። ቦታው ባርኔጣ የሚያርፍበት መስመር ነው፦ ከጆሮ በላይ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ነጠላው ፒን በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው ወገን ያንኑ መስመር መካከል አድርገው። ከጆሮ ፊት ያለውን ስስ አጥንትና ጡንቻውን፣ ከቅንድብ በላይ ያለውን ባዶ የአጥንት ክፍተት፣ ቀድሞ የተቀበረ የፈሳሽ ማፍሰሻ ቱቦ ካለም እርሱን ራቁ። ለአዋቂ ከ60 እስከ 80 ፓውንድ ጉልበት ይበቃል፤ በመጠምዘዣው ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር 20 ፓውንድ ነው። ይህን ልክ በሕፃን ላይ መጠቀም ስስ የሆነውን የራስ ቅል መስበር ነው።

7. ማዞር። ስትሬቸሩን ከጠረጴዛው ጋር አጋጥሙ፣ የሁለቱንም ጎማ ቆልፉ፣ ከፍታቸውን አስተካክሉ። ከዚያ በዝርዝር እንዲህ ይሁን፦

ኮላሩ አይወልቅም። መቆንጠጫውን ወይም ጭንቅላቱን የሚይዘው ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ አንስቴዥያ ባለሙያው እጁን ከቱቦው ላይ አያነሳም። በጠረጴዛው በኩል ያለው የታካሚው ክንድ መዳፉ ወደ ጭኑ ዞሮ ከጎኑ ጋር ይጣበቅ፤ ሰውነቱ የሚንከባለለው በእርሱ ላይ ስለሆነ ወደ ውጭ የተዘረጋ ክንድ ከትከሻው ሊወልቅ ይችላል።

ቀጥሎ ጭንቅላቱን የያዘው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ መስመሮቹን አንድ በአንድ ይጠይቅ፦ የደም ሥር መስመር፣ የደም ቅዳ መስመር፣ ካቴተር፣ የምልክት መከታተያ ሽቦዎች። እያንዳንዱን የሚመለከተው ሰው «ነጻ ነው» ብሎ ይመልስ። ይህን ጥያቄና መልስ የማስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ግማሽ መንገድ አዙረን የሽንት ከረጢቱ በስትሬቸሩ ጎን ላይ እንደተንጠለጠለ ቀርቶ ሁላችንም ታካሚውን በክንዳችን ላይ ይዘን ቆመናል፣ ጭንቅላቱን የያዘው እኔው ነበርኩ። ሰባት ሰው ነበርን፣ አንዳችንም አላየነውም።

ንጹሕ ኦክስጅን ከተሰጠ በኋላ የማሽኑ ቱቦ ለአፍታ ይለያያል። «በሦስት እናዞራለን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይባላል፤ በ«ሦስት» ላይ ጭንቅላት፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ መስመር፣ በአንድ ፍጥነት፣ እንደ አንድ ግንድ ይንከባለላሉ። ሎግ ሮል የምንለው ይኸው ነው። በጠረጴዛው በኩል ያሉት ሁለቱ በክንዳቸው ይቀበላሉ እንጂ አይስቡም። አንገት የሚጣመመው ትከሻ ቀድሞ ጭንቅላት ሲቀር፣ ወይም ጭንቅላት ቀድሞ ትከሻ ሲቀር ነውና ጭንቅላቱን የያዘው ሰው «ቁም» ካለ ሁሉም ባለበት ይቁም።

8. ወዲያውኑ መተንፈሱን አረጋግጡ። ማሽኑን አገናኙ፣ ካፕኖግራፉን እዩ፣ ሁለቱንም ሳንባ አዳምጡ፣ የደም ግፊቱን ለኩ። አገጭ ወደ ደረት ሲጠጋ የቱቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባና አንዱን ሳንባ ብቻ ሊነፋ ይችላል፤ አንገት ቀና ሲል ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ከመዞሩ በፊት ማዳመጣችሁ ስለዚህኛው አተኛኘት ምንም አይነግራችሁም።

9. ጭንቅላቱን አጽኑ። መቆንጠጫው ከክንዱ ጋር እስኪያያዝና ሁሉም መገጣጠሚያ እስኪጠብቅ ድረስ ጭንቅላቱን የያዘው ሰው አይለቅም። አንድ ሰው ያጥብቅ፣ ሌላ ሰው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጁ ነካክቶ ያረጋግጥ። ኮላሩ የሚወልቀው ከዚህ በኋላ ነው።

አንገቱ ገለልተኛ ወይም በጥቂቱ ያጎነበሰ ይሁን፤ በአገጭና በደረት አጥንት መካከል ሁለት ጣት ይለፍ። ከዚህ ከጠበበ የአንገት ደም መልስ ይጨነቃል፣ ምላስና ፊት ያብጣሉ፣ የቀዶ ሕክምናው ቦታም በደም ይሞላል። አንገቱ በብሎን የሚያያዝ ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጨምራል፤ አሁን በጠረጴዛው ላይ የሰጣችሁት ቅርጽ ታካሚው ዕድሜውን ሁሉ የሚሸከመው ቅርጽ ነው። አጎንብሶ የተያያዘ ሰው ሲራመድ መሬት መሬት ያያል፤ ከራስ ቅሉ ጋር አጎንብሶ ከተያያዘ ደግሞ መዋጥና መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ለማየት እንዲመች ያጎነበሰው አንገት ዘንጉ ከመቆለፉ በፊት ወደ ትክክለኛ ቅርጹ መመለስ አለበት።

መቆንጠጫ ከሌለ ፊቱን በስፖንጁ ላይ ስታስቀምጡ ክብደቱ በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ ይረፍ፤ ዓይን፣ አፍንጫና አገጭ በአየር ላይ ይሁኑ። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው የጭንቅላት ማሳረፊያ ላይ ጭንቅላት በጥቂት ሳንቲሜትር ከተንሸራተተ ጠርዙ ዓይን ላይ ያርፋል፤ የዓይን መጋረጃ ደም ቅዳ በዚህ ጫና ከተዘጋ የማይመለስ ዕውርነት ይከተላል። ያልጸና አንገት ላለው ሰው ማሳረፊያ ብቻውን አይበቃም።

10. ሰውነቱን ደግፉ። ሆዱ ነጻ መሆኑን እጃችሁን ከሥር አሳልፋችሁ ፈትሹ፤ የተጨነቀ ሆድ ደሙን ወደ አከርካሪ ደም መልሶች ስለሚመልሰው ኅብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ያለው መድማት ይበረታል፣ ማሽኑም ሳንባውን በከፍተኛ ግፊት ለመንፋት ይገደዳል። የሴት ጡት በትራሶቹ መካከል ይሁን፣ ጫፉም አይጫን፤ የወንድ ብልትና የካቴተሩ ቱቦ ከሥር አይያዙ። የዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ በደንብ ይደገፍ፣ አለዚያ የጭኑን ውጫዊ ጎን የሚያገለግለው ነርቭ ተጭኖ ይደነዝዛል። ጉልበቱ ስፖንጅ ላይ፣ የእግሩ ቅልጥም ትራስ ላይ፣ የእግሩ ጣቶች ነጻ።

11. ክንድና ትከሻ። ክንዶቹ መዳፋቸው ወደ ጭን፣ አውራ ጣታቸው ወደ ታች ሆኖ ከጎን ይታሰሩ፤ በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ከቆዳው ሥር ስለሆነ ስፖንጅ ሳይደረግበት አይታሰር። የታችኛው የአንገት አከርካሪ በራጅ እንዲታይ ትከሻው በፕላስተር ወደ እግር አቅጣጫ ይሳባል። እጅግ የሚበዛው ስሕተት እዚህ አለ፤ ራጁ ካልታየ «ጨምርበት» ይባላል፣ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደው የነርቭ ጥቅል ግን እንደ ገመድ የሚሳብ አይደለም። ለራጁ ብቻ ሳቡ፣ ከራጁ በኋላ አላሉት።

12. ጠረጴዛውን አዘንብሉ። ራስ በኩል ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ከፍ ቢል ደም መልሱ ይራገፋል፣ ፊትም አያብጥም። ነገር ግን ጉልበቱ ካልታጠፈና መቀመጫው በሰፊ ቀበቶ ካልታሰረ ሰውነቱ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ጭንቅላቱ በፒን የተያዘ ስለሆነ መላ ክብደቱ በአንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ጠረጴዛውን በአንድነት አዘንብሉ እንጂ ክፍሎቹ ለየብቻ እንዲታጠፉ አታድርጉ።

የደም ግፊት መለኪያውም ይስተካከላል። ጭንቅላቱ ከልብ ከፍ ባለበት በእያንዳንዱ 10 ሳንቲሜትር ግፊቱ በ7.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ያንሳል፤ የደም ቅዳ መስመሩን መለኪያ በጆሮ ቀዳዳ ከፍታ አድርጉት። የተጨነቀ ኅብለ ሰረሰር ደም የሚያገኘው በግፊት ነውና ብዙ ጊዜ አማካዩ የደም ግፊት ከ80 እስከ 85 በታች እንዳይወርድ ይጠበቃል፤ ለዚህ ታካሚ የሚሆነውን ልክ ቀዶ ሐኪሙና የአንስቴዥያ ባለሙያው በድምፅ ይስማሙበት።

13. ከመሸፈኑ በፊት የመጨረሻው ዙር። የጎን ራጅ ውሰዱና የአከርካሪው አሰላለፍ ከመዞሩ በፊት ከነበረው ጋር ይነጻጸር። ምልክቱ እንደገና ይወሰድ። ከዚያ አንድ ሰው ከግንባር እስከ እግር ጣት እየነካ ይለፍ፦ ዓይን፣ አፍ፣ ቱቦ፣ አገጭ፣ ጡት፣ ሆድ፣ ክርን፣ ዳሌ፣ ጉልበት። ጨርቁ ከተሸፈነ በኋላ ይህን የሚያይ የለም።

ምልክቱ ከመዞሩ በኋላ ከጠፋ ቢላዋ አይነሳም። አንገቱን ወደ ገለልተኛ ቦታ መልሱ፣ ትከሻውን የሳበውን ፕላስተር ፍቱ፣ የደም ግፊቱን ከፍ አድርጉ፣ የሰመመኑን መጠንና ሽቦዎቹን ፈትሹ፣ ራጅ ድገሙ። ካልተመለሰ ታካሚውን ወደ ጀርባው መልሶ ማንቃት አለ።

14. ሥራው ሲካሄድ። ፊቱ በስፖንጅ ላይ ከሆነ ዓይኖቹ በየ15 ደቂቃው ይታዩና ይመዝገቡ። ዓይን ሳይነካም ማየት ሊጠፋ እንደሚችል አስታውሱ፦ የአሜሪካ አንስቴዥያ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ በ2006 እ.ኤ.አ. ባቀረባቸው 93 የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ 83ቱ ማየት ያጡት የዓይን ነርቫቸው ደም አጥቶ ነው፤ ከእነዚህም በ96 በመቶዎቹ ሰመመኑ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ነበር፣ ወይም የፈሰሰው ደም 1 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ነበር። ረጅም ሥራ ከሆነ ጭንቅላቱ ከልብ በታች እንዳይወርድ መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

15. መመለስ። ቁስሉ ተሸፍኖ፣ ጎዙም ተቆጥሮ ሲያልቅ ደረጃ 7 በተቃራኒው ይደገማል፤ ያው ሰው ያዝዛል፣ ያው ቁጥር ይቆጠራል። ፒኖቹ የሚወጡት በጀርባው ከተኛ በኋላ ነው፤ ቀዳዳዎቹን በጎዝ ተጫኑ፣ ከደሙ አንድ ስፌት ይበቃቸዋል። ሥራው ረዝሞ ፊቱ ካበጠ ቱቦውን ለማውጣት አትቸኩሉ፤ የቱቦው ኳስ ሲተነፍስ በዙሪያው አየር ማለፉን ፈትሹ። ቱቦው ከመውጣቱ በፊትም በኋላም እጅና እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ጠይቁትና በደረጃ 1 ከጻፋችሁት ጋር አነጻጽሩ።

ማስጠንቀቂያ

- ስትሬቸሩ ከክፍሉ ደጃፍ አይራቅ። ቱቦው ቢወጣ ወይም ልቡ ቢቆም የምታዞሩት በእርሱ ላይ ነው። እስኪደርስ ድረስ በትከሻ አጥንቶች መካከል ጀርባን በመጫን የልብ ማሸት መጀመር ይቻላል።
- በፒን የተያዘ ታካሚ ማሳል ወይም መንቀሳቀስ የለበትም። ሰመመኑ ከሳሳ ወዲያው ይነገር፤ ፒኑ ቆዳውን ይተረትራል፣ አንገቱም ይጎዳል።
- ራስ ከፍ ባለበት ጊዜ ካፕኖግራፉ በድንገት ከወረደና ግፊቱ ከወደቀ አየር ወደ ደም መልስ መግባቱን ጠርጥሩ፦ ቁስሉን በሳላይን ሙሉት፣ ራሱን ዝቅ አድርጉ፣ ንጹሕ ኦክስጅን ስጡ።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ማዘዝ ዋነኛው ነው፤ አንዱ «አሁን» ሲል ሌላው «ቆይ» ይላል፣ የታካሚው ግማሽ አካል ግን ዞሯል። ሁለተኛው፣ ጭንቅላቱ ከተቆለፈ በኋላ ሰውነቱን «ትንሽ ወደ ላይ» ማስጠጋት ነው። ትከሻው ሄዶ ጭንቅላቱ ስለማይሄድ አንገቱ ይታመቃል ወይም ይጎብጣል፤ ማስተካከል ካስፈለገ መጀመሪያ ጭንቅላቱ ተይዞ መገጣጠሚያው ይፈታ። ሦስተኛው ኮላሩን «ይረብሸናል» ብሎ ከማዞሩ በፊት ማውለቅ ነው። አራተኛው ደግሞ የእኛው የሐኪሞች ነው፤ አዙረን እንደጨረስን ለመታጠብና ጓንት ለመልበስ መቸኮልና የደረጃ 13ን ዙር ለነርሷ ብቻ መተው።

ከፊት በኩል ስለሚሠራው ቀዶ ሕክምናም ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ታካሚው በጀርባው ስለሚተኛ መዞር የለም፤ ነገር ግን ከትከሻው ሥር የሚገባው ጥቅል አንገቱን ቀና የሚያደርገው በደረጃ 1 ነቅቶ ካሳየው ልክ በላይ ከሆነ ጉዳቱ አንድ ነው። ጥቅሉን ከማስገባታችሁ በፊት ያንን ገጽ ገልጣችሁ አንብቡ።